ሁለተኛዋ ራም

ጌም መጫወት የሚፈልግ ሰው ግራፊክስ ካርድ መግዛት አለበት እያልኩ ስንቱን መክሬአለሁ። ዘመድ ጎረቤቱ ኮምፒውተር ሊገዛ ሲል እኔን ያማክራል፤ ምክሩ በነጻ ስለሆነም የሚከራከረኝ አልነበረም። የተከራከረኝ የእህቴ ልጅ ነው።

ኮምፒውተሩ ራይዘን 5 5600ጂ ነው፤ ግራፊክሱ እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ። ፊፋ እየተንቀረፈፈ ሲያስቸግረው ጂቲ 1030 እንዲገዛ ነገርኩት፤ አቅሙም ከዚያ አያልፍም። ልጁ ግን ሳያጣራ ብር አያወጣም (በዚህ በእናቱ አልወጣም)። «አጎቴ፣ የትኛውን 1030 ነው የምትለኝ?» አለኝ። ስሙ አንድ፣ ካርዱ ሁለት መሆኑን ያኔ ሰማሁ። በ2017 የወጣው ጂዲዲአር5 ሜሞሪ ስላለው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያመላልሳል። በ2018 በዚያው ስም የመጣው ግን ዲዲአር4 ነው፤ 16.8 ብቻ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ደግሞ ይኼኛው።

ታስክ ማናጀርን ከፍተን ሜሞሪ የሚለውን አየን። ከሁለቱ የራም ቦታዎች የተያዘው አንዱ ብቻ ነው። ፕሮሰሰር ውስጥ ያለ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከራሙ ላይ ከፕሮሰሰሩ ጋር እየተሻማ ነው የሚሠራው። አንዲት ባለ 3200 ዲዲአር4 ራም በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ታቀብላለች፤ ሁለት ሲሆኑ በሁለት ቻናል 51.2 ይደርሳል። እንግዛው ያልኩት ካርድ እንግዲህ ከአንዲቷ ራም እንኳ ያነሰ ነበር!

ፍጥነቷ ከመጀመሪያዋ ጋር እኩል የሆነች ባለ 8 ጊጋ ራም ገዝተን ሰካን። ቀጭ ብላ እስክትገባ በአውራ ጣት ጠንከር አድርጎ መጫን ያስፈልጋል፤ ልጁ ማዘርቦርዱ የሚሰበር መስሎት ፊቱን አዞረ። ማታውን ጥራቱን ቀነስ አድርጎ ፊፋውን ሳይንቀረፈፍበት ተጫወተ።

ካርድ ከንቱ ነው ወደማለት ግን አልዞርኩም። አገልግለው ከውጭ የሚመጡት የቢሮ ዴስክቶፖች የድሮ ኢንቴል ግራፊክስ ራም ቢጨመርለትም ብዙ ፈቅ አይልም። ለእነሱ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እመርጣለሁ፦ 4 ጊጋ የራሱ ሜሞሪ አለው፣ በሰከንድ 112 ጊጋባይት ያመላልሳል፣ 75 ዋቱንም ከማዘርቦርዱ ስለሚወስድ ፓወር ሰፕላይ አያስቀይርም። አንዳንዱ አምራች ግን ባለ 6 ፒን ኬብል ይጠይቅበታል፤ ቀጫጭኖቹ ኬዞችም ቁመቱ አጭር የሆነውን ብቻ ነው የሚቀበሉት። ስለዚህ አሁን ለሚያማክረኝ ሁሉ መልሴ፣ «መጀመሪያ ኬዙን ክፈትና ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» ሆኗል።