ኮሌጅ ሲዘጋ ደብተር አይዘጋ

ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በልዩ ልዩ ምክንያት ለጊዜው ሲዘጉ ጉዳዩ የመንግሥትና የመምህራን ብቻ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ተማሪው ሻንጣውን አንጠልጥሎ የሚመለሰው ወደ እናቱ ቤት ነው። ስለሆነም የተቋረጠው ትምህርት የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው በአመዛኙ በቤት ውስጥ፣ በማድቤቱና በመኝታው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ነው። ዛሬ በዚህ ዐምድ ከእናቶችና ከሠራተኛ እኅቶች ጋር ለመወያየት የፈለግሁት ስለዚሁ ነው።

የትምህርት መቋረጥ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መደበኛ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ገጠር ተሰማርተዋል። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ብላቴ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ተልከዋል። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ በተነሣው ሁከት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተቋርጧል። የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተገኘ በኋላ ትምህርት ቤቶች ወዲያው ተዘጉ፤ ጥቂት ቆይቶም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተሸኙ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያም በግጭቱ ምክንያት በአማራ ክልል የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን በወቅቱ መጥራት ሳይችሉ ወራት አልፈዋል። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ የተማሪው ጥያቄ አንድ ነው፤ እስኪከፈት ድረስ ምን ልሥራ?

እኔ በቅርብ የማውቀው የ2012ቱን ነው። ታናሽ እኅቴ ያን ጊዜ የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነበረች፤ ለመመረቅ የቀሯት ጥቂት ወራት ነበሩ። በመጀመሪያ የተነገረው የ15 ቀን ዕረፍት ስለነበረ ብዙ መጻሕፍቷን በማደሪያዋ ትታ በአንዲት ቦርሳ መጣች። አሥራ አምስቱ ቀን ወር ሆነ፤ ወሩም ተከታትሎ ሰባት ደረሰ። በቤታችን እናታችን፣ እኅቴ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ወንድማችን፣ እኔና ሁለቱ ልጆቼ ስድስት ሆነን በሁለት ክፍል እንኖር ነበር፤ ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ክፍለ ሀገር ነበረ። እኔም በፈረቃ ወደ ዝግጅት ክፍል እመላለስ ነበር።

በእነዚያ ቀናት ስለ እንግሊዛዊው ሊቅ ስለ አይዛክ ኒውተን በየቦታው ይወራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1665 በወረርሽኝ ምክንያት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ወደ ትውልድ መንደሩ ተመልሶ በሒሳብና በብርሃን ጥናት ታላላቅ ሐሳቦችን ማፍለቁ ለተማሪዎች አርአያ ተደርጎ ተነገረ። መልካም ምሳሌ ነው። ነገር ግን ኒውተንን «ተነሥ፣ ውሃ መጥቷልና ጀሪካኑን ሙላ፤ ሊጡም ኮምጥጧል» ያለው ሰው መኖሩን አልሰማንም። የእኛ ሴት ልጅ ግን ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ የምትቆጠረው እንደ ተማሪ ሳይሆን ለቤቱ እንደ ተጨመረ እጅ ነው።

እኅቴ አንድ ቀን ስንት ጊዜ ከጥናቷ እንደምትነሣ በደብተሯ ጠርዝ ላይ ምልክት እያደረገች ቆጠረች። ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ 31 ጊዜ ተጠርታለች፤ ለቡናው፣ ለድስቱ፣ ለሕፃኑ፣ ለበሩ። ወንድማችን በዚያው ቀን የተጠራው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ለምሳና ለመክሰስ ነበር። ማታ ወረቀቱን አሳየችኝና «እትዬ፣ እኔ ሰነፍ ሆኜ ነው?» አለችኝ። አልነበረችም። በ7 ሰዓት ውስጥ 31 ጊዜ የሚነሣ ሰው መጽሐፍ ሊገልጥ ይችላል እንጂ ሊያጠና አይችልም።

ጉዳዩን ለእናቴ ሳነሣ አልተቈጣችም። «እኔስ መች አታንብብ አልኩ? ቤቱን ታዲያ ማን ይሥራው?» ብላ ጠየቀችኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዕድሜዋ ወደ ስድሳ ተጠግቷል፤ ወገቧንም ያማታል። ለቤት ሥራው መልስ ሳይገኝለት ለጥናቱ መልስ አይገኝለትም። ብዙ ምክር ሰጪዎች የሚዘነጉት ይህንኑ ነው። «ጸጥ ያለ ክፍል ምረጡ፤ ከስድስት ሰዓት ያላነሰ አጥኑ» ይላሉ። ጸጥ ያለውን ክፍል ከየት ታመጣዋለች?

ስለዚህ አንድ ምሽት ከእራት በኋላ ሁላችንም ተቀምጠን የቤቱን ሥራ ሁሉ በወረቀት ላይ ዘረዘርነው። አሥራ አራት ዓይነት ሥራ ሆነ። ወጡንና ቡናውን እናቴ ያዘች። በየሦስት ቀኑ እንጀራ መጋገርና የቅዳሜ ልብስ ማጠብ ለእኅቴ ሆነ። ገበያውና የልጆቹ ጉዳይ ከሥራ መልስ የእኔ ነው። ውሃ መቅዳትና ዕቃ ማጠብ ለወንድማችን ተሰጠ። ስምንት ዓመት የሆነው ልጄ ሳይቀር አልጋ ማንጠፍ ደረሰው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው። ወንድማችን በመጀመሪያው ሳምንት ድስቱን የሚያጥበው በሩን ዘግቶ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ደጅ ወጥቶ በፀሐይ ማጠብ ጀመረ። በዚህ የተጎዳ ነገር ቢኖር የጎረቤት ወሬ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የጥናቱ ሰዓት ተወሰነ። አንደኛው ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጧቱ 1 ሰዓት፣ ቤቱ ሳይነቃ ነው። ሁለተኛው ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው። በሁለተኛው ሰዓት በበሩ ላይ አንዲት ነጠላ ትሰቀላለች፤ ነጠላዋ እስካለች ድረስ እኅቴን መጥራት ክልክል ነው። በጠቅላላው በቀን አራት ሰዓት ማለት ነው። ጥቂት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ያልተቆራረጠ አራት ሰዓት ከተቆራረጠ ሙሉ ቀን ይበልጣል። ከሰዓት በኋላ ለሥራዋ፣ ለዕረፍቷና ለጓደኞቿ ስልክ ነፃ ናት፤ እሑድ ደብተር አይገለጥም። በዚያ የጭንቀት ወቅት ዜናውን ከጧት እስከ ማታ መከታተል ራሱ ጉልበት ይጨርስ ስለነበረ፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማታ፣ እንድንሰማ ተስማማን።

እንግዲህ ሰዓቱ ከተገኘ እንዴት ይጠና? ብዙ ተማሪዎች አንድን ምዕራፍ አምስትና ስድስት ጊዜ ደጋግመው በማንበብ ያጠኑ ይመስላቸዋል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን ከፍለው አንዳንዶቹ ጽሑፉን ደጋግመው እንዲያነቡ፣ ሌሎቹ ደግሞ አንብበው ወረቀቱን ከዘጉ በኋላ ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በልጠው ተገኙ። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊም እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ የተማርነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ፣ ጥናቱን በቀናት ከፋፍሎ መድገምም በአንድ ጊዜ ከማጨቅ እንደሚሻል አሳይቷል። ለእናቶች በአጭሩ ለመናገር፣ ልጅሽ መጽሐፉ ላይ አቀርቅራ መዋሏን ብቻ አትመልከቺ፤ መጽሐፉን ዘግታ ምን እንደያዘች ጠይቂያት።

እናቴ ይህን ሥራ ያለ ማንም ትእዛዝ ያዘችው። አንድ ቀን «ይህ ዴቢትና ክሬዲት የምትሉት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። እኅቴም የወሩን የጤፍ፣ የዘይትና የከሰል ወጪ፣ ከሱቅ በዱቤ የመጣውን ስኳርና የዕቁቡን ገንዘብ በሁለት ዓምድ ጽፋ አስረዳቻት። እናቴ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ይህማ እኔ በሆዴ ስይዘው የኖርኩት ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ቡና ላይ «የትናንቱን ድገሚልኝ» ትላታለች። እኅቴ በቀላል አማርኛ ማስረዳት ያቃታት ነገር ሁሉ በሚቀጥለው ሌሊት ተመልሳ የምታጠናው ሆነ። መምህር በሌለበት ቤት የምትጠይቅ እናት መምህር ትሆናለች። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል።

የኢንተርኔት ነገርም ሳይነሣ አይታለፍም። መምህራን የትምህርት ጽሑፎችን በቴሌግራም ይልኩ ነበር። ይሁንና በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት ተቋረጠ። ጥናታቸውን በሙሉ በስልክ ላይ ያደረጉ ብዙዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። እኅቴ የሚላክላትን ዋና ዋና ነጥብ በዕለቱ በደብተር ትገለብጥ ስለነበረ ሥራዋ አልቆመም። ስልክ ጥሩ ረዳት ነው፤ መብራትና መስመር ሲጠፋ ግን አብሮ የሚኖረው ወረቀት ነው።

አንዲት ጎረቤታችን ነጠላዋን በበሩ ላይ አይታ «ልጅቷ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ምን ቁጭ ብላ ታያለች?» ብትላት እናቴ የሰጠችው መልስ አይረሳኝም። «እኔን ፊደል ያስቈጠረችኝ ልጅም ዩኒቨርሲቲዋ ተዘግቶ የመጣች ነበረች» አለቻት። እውነቷን ነው። በ1967 ዓ.ም. እናቴ የአሥራ አራት ዓመት የገጠር ልጅ ነበረች፤ ስሟን መጻፍ ያስተማረቻት አንዲት ዘማች ተማሪ ናት። ስለዚያ ዘመቻ በጎም ክፉም ተብሏል፤ ብዙ ወጣቶችንም ዋጋ አስከፍሏል። የእናቴ ስም ግን እስከ ዛሬ በራሷ እጅ ይጻፋል።

በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ተመራቂ ተማሪዎች በቅድሚያ ሲጠሩ እኅቴ ተመለሰች፤ ትምህርቷንም ጨርሳ ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። በማደሪያ ክፍሏ ከነበሩት ስድስት ልጃገረዶች የተመለሱት ግን አምስት ናቸው። ስድስተኛዋ በክፍሏ ከሁሉም የላቀ ውጤት የነበራት ናት። በተዘጋው ወራት «ትምህርቱ እንግዲህ አብቅቷል» ተብሎ ተድራ ነበር፤ ጥሪው ሲወጣ ነፍሰ ጡር ነበረች። የጎደላት ጉብዝና አልነበረም። በቤቷ «ይህች ልጅ አሁንም ተማሪ ናት» የሚል አንድ ሰው ጠፋ።

ውድ እናቶች፣ እናንተም በፋብሪካና በቢሮ የምትውሉ እኅቶች፣ የኮሌጅን በር መክፈትና መዝጋት በእጃችን አይደለም። በእጃችን ያለው ሌላ ነው። ሥራውን ለወንዱም ለሴቷም እናካፍል፤ ለልጃችን በቀን ጥቂት ያልተነካ ሰዓት እንስጣት፤ ማታ ማታ የተማረችውን እንጠይቃት። ከሁሉም በላይ፣ የሚያገባትም ሆነ ሥራ አገኝላታለሁ የሚል በዚያ ወራት ወደ ቤታችን ሲመጣ «ልጄ ትምህርት ላይ ናት» የሚለው ቃል ከአፋችን አይጥፋ። ይህ ቃል እስካለ ድረስ ትምህርቷ ተዘግቷል ማለት አይቻልም።