ያልጠየቅነው ወረቀት



ይህን የምጽፈው የታላቅ እህቴን ፈቃድ ጠይቄ ነው። «ጻፈው፤ ለሌላ እናት ይጠቅም ይሆናል» ብላኛለች።

ልጇ 23 ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ሕንፃ ሲገባ የጥበቃ ሠራተኛው ሊፈትሸው ፈልጎ ከኋላ ትከሻውን ያዘው። ልጁ ድንገት ሲነኩት አይችልም፤ ገፈተረው። ሰውየው ደረጃው ላይ ወድቆ እጁ ተሰበረ። ፖሊስ ጣቢያ «አንተ ነህ የገፈተርከው?» ሲባል፣ መሬት መሬት እያየ «አንተ ነህ የገፈተርከው?» ብሎ ጥያቄውን ራሱን ይደግማል። መርማሪው የተሾፈበት መሰለው። ልጁ በዋስ ቢወጣም የአካል ጉዳት በማድረስ ተከሰሰ።

ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። ከመካከላችን አንዱ «እብድ ነው ብላችሁ አስጽፉ፤ በነፃ ይለቀቃል» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። እህቴ ግን «ልጄ እብድ አይደለም። የወደቀውም ሰው ሐቅ አለው። ውሸት መስክሬ ልጄን አላስፈታም» አለች።

ጠበቃው የልጁን ጠባይ ካዳመጠ በኋላ «ኦቲዝም እንዳለበት ተመርምሮ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀን። አያውቅም ነበር። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ልጁ እስከ 4 ዓመቱ አልተናገረም። ቆርኪ በየቀለሙ ሲደረድር ይውላል። መድረሳ ይዤው የምሄደው እኔ ነበርኩ፤ አንዴ የሰማውን ሱራ በቃሉ ይወጣዋል፤ የሚቀመጥበት ጥግ ከተቀየረ ግን ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። እህቴ ስትጨነቅ፣ ገና መምህርነት የጀመርኩት እኔ «አቀማጥለሽው ነው፤ ቅጪው» አልኳት። የተማርኩ ነኝና ሰማችኝ። እንግዳ ሲመጣም ጓዳ እናስገባው ነበር። ገመና መሸፈን መስሎን የልጁን ችግር ሸፈንን።

ኦቲዝም አዲስ ነገር አይደለም። ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 የ11 ሕፃናትን ሁኔታ መዝግቦ ጽፎበታል። እብደት አይደለም፤ እርግማንም አይደለም፤ ከሕፃንነት ጀምሮ አእምሮ በተለየ መንገድ የሚያድግበት ሁኔታ ነው። በአገራችንም ወ/ሮ ዘሚ የኑስ፣ ራሳቸው የእንዲህ ያለ ልጅ እናት ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመዋል። በሩ ነበረ፤ ያላንኳኳነው እኛ ነን።

ፍርድ ቤቱ በጠበቃው ጥያቄ ልጁ በባለሙያ እንዲመረመር አዘዘ። ኦቲዝም በደም ምርመራ የሚታወቅ አይደለም። ሐኪሙ ልጁን በተለያየ ቀን አነጋገረው፤ እናቱን ግን ከእሱ ይልቅ ብዙ ጠየቃት። መቼ ተናገረ? በጣቱ ያመለክት ነበር? ከልጆች ጋር ይጫወት ነበር? «ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ፤ አይጨምሩ፣ አይቀንሱ» አላት። ለትልቅ ሰው ምርመራ የልጅነቱ ታሪክ ዋና ማስረጃ ነውና። ሣጥን ስንፈትሽ የ1ኛ ክፍል ካርዱን አገኘን። መምህሯ «ጎበዝ ነው፤ ከልጆች ጋር ግን አይጫወትም» ብላ ጽፋበታለች። ከሥሩ የወላጅ ፊርማ አለ። የፈረምኩት እኔ ነኝ።

በመድረሳ ብዕር ከሦስት ሰዎች ላይ እንደተነሣ ተምሬአለሁ፦ ከተኛ ሰው እስኪነቃ፣ ከሕፃን እስኪጎረምስ፣ አእምሮውን ካጣ ሰው እስኪመለስለት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም አንቀጽ 48 የሥራውን ምንነት መረዳት ወይም ራሱን መግታት ፈጽሞ ያልቻለ ሰው እንደማይቀጣ፣ አንቀጽ 49 ደግሞ ይህ ችሎታው የተጓደለበት ሰው ቅጣቱ እንደሚቀልለት ይደነግጋል። የሐኪሙ ወረቀት ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት፣ ሰው መጉዳት ክፉ መሆኑን እንደሚያውቅ፣ ድንገት ሲነካ ግን ራሱን መግታት እንደሚያዳግተው፣ ጥያቄ መድገሙም ሹፈት እንዳልሆነ ይገልጻል። ሕጋዊውን ድምዳሜ የሚሰጠው ዳኛው ነው። ጉዳዩ ገና አልተቋጨም።

ባለፈው ሳምንት ሽማግሌ ይዘን ሰውየው ቤት ሄድን። የሕክምናውን ወጪ ሸፈንን። እህቴ ነገሩን ሳትደብቅ አስረዳችው። ልጁ ዐይኑን መሬት ላይ እንደተከለ «ከኋላ አትንካኝ። እጅህ ስለተሰበረ አዝናለሁ» አለ። ሰውየው ጥቂት አስቦ «እኔም ከፊት ለፊት መምጣት ነበረብኝ» ሲል እህቴ አለቀሰች።

ወላጆች ሆይ፣ መምህራን ወንድሞቼና እህቶቼ! ልጃችሁ ንግግር ከዘገየበት፣ ብቻውን መሆን ካበዛ፣ ድምፅና መነካት ካስጨነቀው፣ ከማፈርና ከመቅጣት በፊት ሐኪም ጠይቁ። እኛ በ4 ዓመቱ ያልጠየቅነውን ወረቀት በ23 ዓመቱ በፍርድ ቤት ደጃፍ ፈለግነው። የመጀመሪያው ምስክር የወላጅ ዐይን ነው፤ ያየውን አይደብቅ።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።