«የአያትዎ ጎጥ ማን ይባላል?»



ዛሬ የማወጋችሁ ከአገራችንም፣ እናንተ ካላችሁበትም ርቃ በምዕራብ አውሮፓ ዳርቻ ስለምትገኝ ደሴት ነው፤ ስሟ አየርላንድ ይባላል። «የአየርላንድ ገጠር ለእኛ ምናችን ነው?» የምትል ትኖር ይሆናል። ነገሩ የእናንተኑ ኑሮ የሚነካ ነውና እስከ ፍጻሜው ታገሡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1841 በተደረገው ቈጠራ የአየርላንድ ሕዝብ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነበር። የገጠሩ ድኻ በሰው መሬት ላይ የሚኖር ጭሰኛ ሲሆን፣ ጠዋትም ማታም የሚበላው ድንች ነበር። በ1845 በድንቹ ላይ በሽታ ወረደ። እስከ 1852 በዘለቀው ረኀብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ደግሞ ተሰደደ። ስደቱም ከረኀቡ ጋር አልቆመም። ደሴቲቱ እስከ ዛሬ ድረስ ያንን የ1841 ሕዝቧን ቍጥር አላገኘችም።

ከተሰደዱት ብዙዎቹ ያላገቡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ባሕር ተሻግረው ቦስተንና ኒውዮርክ ገቡ፤ በሰው ቤት ተቀጠሩ፤ አበሰሉ፣ አጠቡ፣ የሰው ልጅ አሳደጉ። ከደመወዛቸው ቈጥበው ለወላጆቻቸው የመሬት ኪራይ፣ ለታናናሾቻቸው የመርከብ መሳፈሪያ ይልኩ ነበር። ብሪጅት የሚባል ስም በአገራቸው የተለመደ ስለ ነበረ፣ እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ሆኖ ሳለ አሠሪዎቿ «ብሪጅት» እያሉ የሚጠሯት ሠራተኛ ነበረች። ይህን ስታነቡ በልባችሁ «እኔንም እኮ!» የምትሉ እንዳላችሁ ዐውቃለሁ።

ዛሬ የእነዚያ ሴቶች የልጅ ልጆች ወደ አየርላንድ ገጠር እየተመለሱ ዘራቸውን ይፈልጋሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአገልግሎት ወደዚያ ተጠርቼ ሳለሁ፣ ምእመናን ማዮ የሚባለውን የምዕራቡን አውራጃ ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ሄዱ። በአንድ የገጠር መካነ መቃብር አንዲት ከአሜሪካ የመጡ አሮጊት ድንጋዩን ሁሉ እየዞሩ ሲያነቡ አገኘን። የአያታቸውን ስም ያውቃሉ፤ ከማዮ እንደ ወጡ ያውቃሉ፤ ቦስተን በሰው ቤት እንደ ሠሩም ያውቃሉ። የአካባቢውን ታሪክ የሚያጠኑ አንድ ሽማግሌ ቀርበው በትሕትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቋቸው፦ «የአያትዎ ጎጥ ማን ይባላል?» ሴትዮዋ ዝም አሉ። «አልነገሩንም» አሉ በመጨረሻ፤ ዐይናቸውም እንባ አቀረረ።

ሽማግሌው ይህን የጠየቁት ያለ ምክንያት አይደለም። የአየርላንድ ገጠር ከ60,000 በሚበልጡ ትንንሽ ጎጦች የተከፈለ ነው። ኪልሞር የሚባል ቦታ ብቻውን በብዙ አውራጃዎች ይገኛል። በአንድ አጥቢያ ውስጥም ስማቸው ከነቤተሰብ ስማቸው አንድ የሆነ ብዙ ሰዎች ይኖራሉ፤ የአየርላንድ ቋንቋ በሚነገርባቸው መንደሮች ሰዎች እነዚህን የሚለዩአቸው ልክ እንደ እኛ የአባትና የአያት ስም እየጨመሩ ነው። ስለዚህ «ከማዮ ነን» ማለት «ከጎጃም ነን» እንደ ማለት ነው፤ ወደ ማን በር ይኬዳል?

መዝገቡም ጎድሏል። በ1922 በእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በደብሊን የነበረው የመንግሥት መዛግብት ቤት ተቃጠለ፤ ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት ቈጠራዎች አብዛኞቹ ዐመድ ሆኑ። ከ1861 እስከ 1891 ያሉትን ደግሞ መንግሥት ራሱ አስወግዷቸው ነበር። በሙሉ የተረፉት የ1901 እና የ1911 ቈጠራዎች ናቸው። ከእነርሱ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው፣ ከ1847 እስከ 1864 ለግብር ሲባል በየጎጡ የመሬት ያዡን ስም የዘረዘረውን መዝገብ ያያል፤ ቀጥሎም የአጥቢያ ካህናት የጻፉትን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ይመረምራል። በጥምቀቱ መዝገብ የሕፃኑ አባት ብቻ ሳይሆን እናቲቱም ከነአባቷ ቤት ስም፣ የክርስትና አባትና እናትም ይጻፋሉ። በጨለማ ቤት በጧፍ ብርሃን የጻፈ አንድ የገጠር ቄስ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ሰው መንገድ እንደሚጠርግ መች ዐሰበ? ይህ መዝገብ ከ2015 ጀምሮ በኢንተርኔት በነጻ ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የሁለት ነገሮች ታሪክ ነው። አንደኛው፣ በቦስተን የሚታተም አንድ ጋዜጣ ከ1831 እስከ 1921 ድረስ የጠፋ ዘመድ የሚፈለግበት ዐምድ ነበረው። እኅት ወንድሟን፣ ሚስት ባሏን ስትፈልግ የተወለደበትን አጥቢያና ጎጥ፣ የተለያዩበትን ዘመን ታስጽፋለች። ሁለተኛው፣ በ1850 በኒውዮርክ የተቋቋመ የስደተኞች ቍጠባ ባንክ ነው። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ የቤት ሠራተኞች ነበሩ፤ መፈረም የማይችሉም ነበሩባቸው። በስማቸው ሌላ ሰው መጥቶ ገንዘባቸውን እንዳይወስድ ባንኩ እያንዳንዷን ይጠይቅ ነበር፦ የት ተወለድሽ? በየትኛው መርከብ መጣሽ? አባትና እናትሽ እነማን ናቸው? ወንድምና እኅትሽስ? መልሱም በትልቅ መዝገብ ይጻፍ ነበር። ለጥቂት ዶላር ጥበቃ የተጻፈው ቃል ዛሬ የልጅ ልጆችን ወደ አያቶቻቸው ደጅ ያደርሳል።

እኅቶቼ፣ እኔ ቃልን በጆሮ ተቀብሎ በልብ መያዝን ባስተማረ የአብነት ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና የቃልን ክብር አላቃልልም። በአየርላንድም ከ1937 እስከ 1939 ወደ 5,000 በሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ያሉ ልጆች የአያቶቻቸውን ወሬ፣ የእርሻውንና የምንጩን ስም ሳይቀር ጠይቀው በደብተር እንዲጽፉ ተደርጓል። ያ ሁሉ ቃል የተረፈው ግን የሚጽፈው ስለ ተገኘ ነው። አባቶቻችንስ «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ አይደለምን?

እንግዲህ አንቺስ? ፓስፖርትሽ ላይ ያለው ስም እናትሽ ያወጣችልሽ ነውን? ዕድሜሽስ ትክክለኛው ነውን? ማዳም የምትጠራሽ በስምሽ ነውን? አብራሽ የምታድረው ጓደኛሽ የአባትሽን ስምና የቀበሌሽን ስም ታውቃለችን? ሰው ታሞ አልጋ ሲይዝ፣ ወይም ሲያርፍ፣ ዘመዱ የሚፈለገው በዚህ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሥራሽን ስትጨርሺ ደብተር ውሰጂ። እውነተኛ ስምሽንና የክርስትና ስምሽን፣ የአባትሽንና የእናትሽን ስም እስከ አያትና ቅድመ አያት፣ ወረዳሽን፣ ቀበሌሽን፣ ጎጥሽን፣ የተጠመቅሽበትን ደብር፣ ከአገር የወጣሽበትን ዓመት ጻፊ። መጻፍ የማትችል እኅት ካለች ጻፊላት። አንዱን ቅጂ ለምታምኛት ጓደኛ ስጪ፤ አንዱን ወደ ቤት ላኪ። ስልክ ስትደውዪም ስለ ብሩ ብቻ አታውሪ፤ እናትሽ በሕይወት ሳለች ስለ እናቷ ጠይቂያት። የሚወለዱልሽ ልጆች አንድ ቀን «ከየት ነን?» ማለታቸው አይቀርምና፣ መልሱን ከአሁኑ አስቀምጪላቸው።

ስማችሁን የሚያውቅ አምላክ በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ።