ከወልድያ እስከ መርሳ፦ የሰው ቤት ምሥጢር

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ሲሪንቃን አልፎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ መርሳ ያደርሳል። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ማሳው ጤፍና ማሽላ፣ ጓሮው ማንጎ ነው። የመንገደኛን ዓይን አብልጦ የሚስበው ግን በየመንደሩ ብቅ ብቅ ያለው አዲስ ቆርቆሮ ቤት ነው። የማን እንደሆነ ለጠየቀ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ልጅቷ ከዓረብ አገር በላከችው ገንዘብ የተሠራ።

በዒድ ማግሥት ከነዚህ ቤቶች አንዱን ለመዘየር ሄድን። ልጅቷ የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችን ነበረች። በ2011 ዓ.ም. አንድ ጠዋት መቀመጫዋ ባዶ ሆነ። አባቷን ብንጠይቅ «ደሴ፣ አክስቷ ዘንድ ናት» አሉን። ደላላው እቤታቸው ቡና ሲጠጣ መሰንበቱን ሰምተን ነበር። የ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 923 ለሥራ የምትሄድ ሴት 18 ዓመት የሞላትና ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀች እንድትሆን ያዝዝ ነበር። እርሷ 15 ዓመቷ ነበር፤ ፓስፖርቷ ግን 22 ይላል። እኛም በስም መጥሪያው ላይ «አቋርጣለች» ብለን ጽፈን ዝም አልን። የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብለን።

ሪያድ አምስት ዓመት ሠርታለች። የምትተኛው ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ነበር። ድሮ በእንግሊዝ ባላባቶች ቤት ሠራተኛው ከእንግዳ ዓይን እንዲሰወር የጓሮ ደረጃ ለብቻው ይሠራለት ነበር፤ ነገሩ አዲስ አይደለም። የቤቱ አሮጊት እናት አእምሯቸው ደክሞ የልጆቻቸውን ስም ሲረሱ የእርሷን አልረሱም። ሌሊት ሌሊት ለልጆቻቸው ያልነገሩትን ለእርሷ ይነግሯት ነበር።

«ምን ይሉሽ ነበር?» አልናት።

«ኡስታዝ፣ እርሱ አማና ነው» ብላ ቡናውን ቀዳች። ጥያቄያችን ለወሬ እንደነበር አውቀን አፈርን።

እናቷ ከሰል ሊያመጡ ሲወጡ ግን የራሷን ነገረችን። ፓስፖርቷ በእመቤቲቱ ቁም ሣጥን ተቆልፎ ነበር። የሰባት ወር ደመወዝም ቀርቶባታል። በስልክ ለእናቷ የምትለው «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብቻ ነበር። «ለእማ እንዳይነግሩብኝ» አለችን።

ስንወጣ እናትየው እስከ በር ሸኙን። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደህና እንዳልነበረች አውቃለሁ ኡስታዝ። የልጄን ድምፅ አጣለሁ? ማወቄን ግን እንዳይነግሩብኝ» አሉ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ረከቦት ዙሪያ፣ ሁለቱም አንዱን ነገር ይደባበቃሉ። ሁለቱም ምሥጢር እኛ ዘንድ ሆነ።

ማታ ወልድያ ገባን። እኛም ቤት ከሀብሩ ገጠር የመጣች ሠራተኛ አለች። ባለቤታችን ከጎረቤት ስትጣላም፣ እኛ ዱቤ ሲበዛብንም ታያለች፤ ውጭ አውጥታው አታውቅም። የትምህርቷ ነገር «ለከርሞ» እየተባለ ሁለት ዓመት አልፏል። ዕድሜዋ 16 ነው። ጎረቤት ሲጠይቀን ግን 18 እንላለን።

እራት አቅርባ አልሄደችም፤ ከበሩ ሥር ቆመች።

«ጋሼ፣ ፓስፖርት ለማውጣት ስንት ይፈጃል?» አለችን።