የመቀሌ በለስና ቀዩ ተባይ

በክረምት መቀሌ የገባ እንግዳ በለስ ሳይቀምስ አይመለስም። ሻጮቹ እሾኩን አራግፈው፣ በቢላ ልጠው ያቀርቡለታል። አንባቢ ሆይ፣ ከከተማው ወደ ደቡብ፣ ወደ ሕንጣሎና ወደ ራያ ቢወርዱ ግን በበለሱ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ያያሉ። በጣት ሲጨፈልቁት ደም የመሰለ ቀለም ይወጣዋል። ይህ በ1990ዎቹ ዓ. ም. ለቀለም ንግድ ተብሎ ከውጭ አገር የገባው ኮቺኒል የተባለ ተባይ ነው።

ፀሐይና ዝናብ ስለማይወድ ከቅጠሉ ጥላ ያለበትን ገጽ ይመርጣል። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው፣ አጠገቡ የቆመውን ያገራችንን ቁልቋል አለመንካቱ ነው። ቁልቋል፣ የበለስ ዘመድ ቢመስልም፣ ወተት የሚያፈስ የሌላ ወገን ተክል ነውና።

በለስ ግን ጎተራ በሚጎድልበት ክረምት የሰው ምግብ፣ በድርቅም የከብት መኖ ነው። ገበሬው የተያዘውን ቅጠል ቆርጦ ይቀብራል፤ ጥቃቅኖቹ ጫጩቶች ግን በነፋስ ተሳፍረው ወደ ጎረቤት አጥር ይሻገራሉ።