መተማና ገላባት

ከጎንደር ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ የደጋውን ብርድ ትቶ፣ ሰሊጥና ማሽላ በብዛት ከሚበቅልበት ሞቃት ቆላ ይደርሳል። በዚያም በበጋ የሚደርቅ አንድ ጅረት መተማን ከገላባት ይለያል። መተማ የኢትዮጵያ፣ ገላባት የሱዳን ናት፤ መንገዱም ከገላባት አልፎ ገዳሪፍ ይገባል።

ገላባትን በ18ኛው መቶ ዓመት ያቀኗት ከዳርፉር የመጡ ተክሩሮች ናቸው። ወደ መካ ለሐጅ ሲመላለሱ የመሬቱን ልምላሜ አይተው በዚያው ሰፈሩ። ለኢትዮጵያ፣ ኋላም ለግብፅ ጭምር እየገበሩ ታላቅ ገበያ አቆሙ። በገበያውም ቡና፣ ማር፣ ሰምና ከብት ይሸጥ ነበር፤ የሰው ልጅም እንደ ዕቃ ተሸጦበታል።

ይህች ስፍራ ጦርነትም አልራቃትም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ያረፉት በዚሁ ነው። በ1894 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እንግሊዝ የተፈራረሙት ውል የሁለቱን አገሮች ወሰን ደነገገ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝና የኢጣልያ ጦር በገላባት ተዋጋ።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብና ጦርነት ብዙ ኢትዮጵያውያንን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ባፈለሳቸው ጊዜ እኔም ገዳሪፍ ገባሁ። ያስጠጉኝ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እንደ አገሩ ልማድ «ሐቦባ» እላቸው ነበር። ኪስራቸውን ከልጆቻቸው ጋር ያካፍሉኝ ነበር። ጎረቤቶች «ይህ እንግዳ መቼ ይሄዳል?» ሲሉ፣ «የእኔም አያት እንግዳ ሆነው ነው የመጡት» ብለው ይመልሱ ነበር። ዘራቸው ከተክሩሮች ነበረና ነገሩ እውነት ነው።

በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በገዳሪፍ ግዛት፣ በኡም ራኩባ ሰፈሩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ግን ስደቱ አቅጣጫውን ለወጠ፤ ሕዝቡ ከገላባት ወደ መተማ ይሻገር ጀመር። ከተሻጋሪዎቹ መካከል ከካርቱም የሸሹ የሐቦባ የልጅ ልጆች ነበሩበት። እኔም ጎንደር ወዳለው ቤቴ ወሰድኋቸው። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ኑሮውም ተወዷል፤ ባለቤቴም «እስከ መቼ?» ብላ ጠይቃኛለች። የምሰጣት መልስ አሮጊቷ ለጎረቤቶቻቸው ከሰጡት የተለየ አልሆነም።

ተማሪ ሆይ! የአንድን መንደር ካርታ ስታጠና ወንዙንና ወሰኑን ብቻ አትመልከት፤ በዚያ የሚኖሩት ሰዎች ከወዴት እንደመጡና ማን እንደተቀበላቸውም ጠይቅ።