በረዶውን ቡና ያደረግንበት ዘመን

በ1990ዎቹ መገባደጃ ቦንጋ ላይ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ኢንተርኔት አያስፈልገውም ነበር፤ ቢያስፈልገውም አያገኝም። ኖትፓድ ላይ ኤችቲኤምኤሉን ይጽፋል፣ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከፍቶ ያየዋል፣ ፍሎፒ ላይ ገልብጦ ኪሱ ይከተዋል። ያለው አንባቢ ከኋላው ተራ የሚጠብቀው የኮምፒውተር ማሰልጠኛው ተማሪ ነው፤ እሱም ዓይኑ ከገጹ ይልቅ ወንበሩ ላይ ነው።

የእኔ ገጽ ስለ ቡና ነበር፤ ካፋ ተቀምጦ ሌላ ስለምን ይጻፋል? ጀርባው ደማቅ አረንጓዴ፣ ርእሱ ከቀኝ ወደ ግራ የሚንሸራተት። ጅማ ደርሶ የተመለሰ ጓደኛችን በፍሎፒ ካመጣቸው ገጾች በአንዱ ላይ በረዶ ይዘንብ ነበር። የፈረንጅ ገና በረዶ ለቦንጋ ምኗ ነው? ኮዱን ከፍተን የበረዶውን ምስል አወጣንና በፔይንት ነጥብ በነጥብ የሣልኩትን ቀይ የቡና ፍሬ ተካንበት። ፍሬው መውረድ ሲጀምር ልጆቹ ሥራቸውን ትተው እኛ ማሽን ላይ ተደረደሩ። ፍጥነቱን የሚወስነውን ቁጥር ከፍ ዝቅ እያደረግን፣ መብራት እስኪሄድ ቡና አዘነብን።

ገጹ በአንድ የተጫጫረ ሲዲ ላይ ተርፏል። ዛሬ በላፕቶፕ ሲከፈት ርእሱ ያው ይንሸራተታል፤ የሚንሸራተተው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነው። የተጻፈው በፓወር ግዕዝ ነው፣ ፎንቱ ደግሞ ማሽኑ ላይ የለም። ቡናውም አይዘንብም። ኮዱ መጀመሪያ የሚያጣራው ብራውዘሩ ኤክስፕሎረር ወይም ኔትስኬፕ መሆኑን ነው፤ ክሮም አንዱንም ስላልሆነ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ኔትስኬፕ በ2000 ዓ.ም.፣ ኤክስፕሎረር በ2014 ዓ.ም. ተሰናብተዋል።

ያኔ ፊደሉ ራሱ ሸክም ነበር። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ቢመዘግብም፣ እኛ ጋ ወሬው አልደረሰም። በዚያችው 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ገጹንም ፎንቱንም እንጭናለን። ሰው እንዲያነብልን መጀመሪያ ማሽኑ ላይ ፊደል እንድንጭንለት ማስፈቀድ ነበረብን። አንዳንዱ ቫይረስ ፈርቶ እንቢ ይላል።

ዛሬ የቦንጋ ልጅ ፎንት የሚባል ነገር መኖሩን ሳያስብ በአውራ ጣቱ አማርኛ ይጽፋል። ይህ ትንሽ ትርፍ አይደለም። የካፋም ስም ከፍሎፒ ወጥቷል፤ ጫካው በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ከተመዘገበ ወዲህ፣ ስሙን ፈልጎ የሚያጣ የለም። እርግጥ ከሚያገኛቸው ገጾች ብዙዎቹ ቡና ይሸጡለታል።

ያኔ ሌላም ነገር ነበረን። የማንኛውንም ገጽ ኮድ በማውስ ቀኝ ቁልፍ ጠቅ አድርገን እናያለን። ያልገባንን መስመር እንሰርዛለን፤ ገጹ ከተበላሸ መስመሩ ምን ይሠራ እንደነበር ያኔ ይገባናል። ሌላ አስተማሪ አልነበረንም።

አሁን አስተማሪ ሞልቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ከተጀመረ ጀምሮ ፌስቡክ ላይ ሰርተፍኬት ያልለጠፈ ወጣት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ከእነሱ አንዱ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ የድሮውን ኮድ ለኤአይ ሰጠልኝ። ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ፊደሉ ተስተካከለ፣ ቡናው ዘነበ፣ ያላዘዝነው ነፋስም ፍሬውን ወደ ጎን ይገፋው ጀመር።

«ነፋሱ የቱ መስመር ላይ ነው?» አልኩት።

«ልጠይቀው እንዴ፣ ጋሼ?»

ልጁ ነፋሱ ከየት እንደመጣ አያውቅም። እኔም ብሆን ያንን በረዶ ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላውቅም። ልዩነቱ፣ በረዶው ቡና እስኪሆንልኝ ኮዱ ውስጥ ስዳክር ከርሜያለሁ፤ የማውቃትም ነገር የመጣችው ከዚያ ነው። ልጁን ግን ኮዱ ውስጥ የሚያስገባው ጉዳይ የለም፤ ነፋሱ ሳይጠራ መጥቶለታል።